ፒካፓችሁን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ፦ ቪጎ ላይ የሠራሁበት መንገድ

ፒካፕ ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ሐሳብ ይመጣበታል። ክረምት ላይ የገጠር መንገድ ገብቶ ሆዷ ድንጋይ ሲነካ፣ ወይም የጎረቤቱ መኪና ከፍ ብላ ሲያያት፣ «እኔስ ለምን ከፍ አላስደርጋትም?» ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንተማመን። ሞላና ባሌስትራ (መኪናዋን የሚሸከሙት ጥምዝና ንጣፍ ስፕሪንጎች) ስትቀይሩ ከፍ የሚለው ሻንሲው፣ ማለትም አካሏን የተሸከመው የብረት አጥንት፣ እና ጋቢናው ነው። የኋላው ዲፈረንሻል፣ አክስሉ መሃል ያለው እብጥ ያለ የማርሽ ቤት፣ የነበረበት ይቀራል። እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ድንጋይ የሚመታችሁ ዲፈረንሻሉን ከሆነ፣ ይህ ሥራ ችግራችሁን አይፈታውም። የሚጠቅመው አፍንጫዋ ዳገት ሲጀምር ለሚነካባት፣ መሃል ሆዷ ጉብታ ላይ ለሚቀመጥባት፣ ወይም ጭነት ሲበዛባት ቂጧ ለሚወርድባት መኪና ነው።

የምጽፈው በቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ላይ ተመርኩዤ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2015 የተመረተችው ማለት ነው። ፊቷ በየጎማው ሞላ ያቀፈ ሾክ አላት፣ ኋላዋ ባሌስትራ ነው። ከእሷ በኋላ የመጣችው ሪቮም አሠራሯ ተቀራራቢ ነው። ፊቷ ባሌስትራ የሆነች የድሮ ሃይሉክስ ያላችሁ ግን ሥራችሁ ሌላ ነው። ሞላ ሳይሆን የሚጠማዘዝ ብረት የሚሸከማት መኪና ያላችሁም እንዲሁ። እንደዚህ ያለችውን መካኒኮች ብሎኗን አጥብቀው በ10 ደቂቃ ከፍ ያደርጓታል። ከፍ ትላለች። ነገር ግን ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያንሰዋል፣ መኪናዋም እንደ ጋሪ ትመታችኋለች።

መጠኑን በተመለከተ እኔ ከ5 ሳንቲ ሜትር አላልፍም። ከዚያ በላይ ሲኬድ የላይኛው ብራቾ (የፊት ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) መቀየር አለበት፣ የፊቱን ዲፈረንሻል ዝቅ ማድረጊያ ያስፈልጋል፣ የፊት ሲቪ ጆይንቶች (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሱት ተጣጣፊ መጋጠሚያዎች) ጠማማ ሆነው ይሠራሉ። አንዱን ስትነኩ ሌላው ይጠራችኋል።

ዕቃው

ሁለት መንገድ አለ። ርካሹ ከፊት ሾክ ራስ ላይ የሚገባ ስፔሰርና ኋላ ከባሌስትራው ስር የሚገባ ብሎክ ነው። ውዱ አዲስ ሞላ፣ አዲስ ሾክና አዲስ ባሌስትራ ነው። አሮጌ ሾክ ላይ ስፔሰር መጫን ላረጀ ወንበር ትራስ እንደመጨመር ነው። ቁመት ይሰጣል እንጂ ምቾት አይሰጥም። አቅም ከፈቀደ ሙሉውን ግዙ፤ ካልፈቀደ ጠብቁ።

ስለ ፊት ስፔሰር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ሾኩ የተተከለው ጎማው ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የታችኛው ብራቾ ላይ ነው። ስለዚህ ራሱ ላይ የተጨመረው ውፍረት ጎማው ጋ ሲደርስ እጥፍ ገደማ ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ስፔሰር 5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያነሳል። «5 ሳንቲ ስለምፈልግ ባለ 5 ሳንቲ ስፔሰር ስጡኝ» ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ሲቪ ጆይንቱ ብዙ አልቆየለትም።

ሞላና ባሌስትራ ስትገዙ በጭነት ነው የምትመርጡት። ፊቷ ላይ የብረት ባምፐርና ዊንች አለ ወይስ የለም? ኋላ ሁልጊዜ ምን ያህል ኪሎ ይቀመጣል? አልፎ አልፎ ለሚጫን ጭነት ብላችሁ ከባድ ባሌስትራ ከገዛችሁ፣ ባዶዋን ስትነዱ እንደ ፍየል ትዘላለች። ደግሞ እንደ ኦልድ ማን ኢሙና አይረንማን ያሉት የታወቁ ዕቃዎች የአውስትራሊያ ኩባንያዎች ናቸው። እዚያ መሪው በቀኝ ነው። ወረቀቱ ላይ «የሾፌር ጎን» የሚል ካያችሁ ግራ ነው ወይስ ቀኝ ብላችሁ አጣሩ። የግራና የቀኝ ሞላ ቁመታቸው ሊለያይ ስለሚችል፣ ተገላብጦ ከገባ መኪናዋ አንገቷን አዘንብላ ትቀራለች።

ሶማሌ ተራም ግዙ ሌላ ቦታ፣ ዩ ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ብሎን) አዲስ ይሁን። ያገለገለ ዩ ቦልት አንዴ ተስቧል፤ ሁለተኛ ሲጠብቅ የሚይዘው እንደ መጀመሪያው አይደለም። ከቦል ጆይንቱ (ብራቾውን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘው ዞሪ መጋጠሚያ) ዳዶ ላይ የሚወጣውን መቆለፊያ ሽቦም አዲስ ያዙ።

ከመፍታታችሁ በፊት

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙና ለኩ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር፣ በአራቱም ጎማ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ንፋስ ያታልላችኋል። ወረቀት ላይ ጻፉት። ሥራው ሲያልቅ «ከፍ ያለች መሰለኝ» ከሚል ክርክር ያድናችኋል።

ማታ ደግሞ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቃችሁ መብራቷን አብሩ። የብርሃኑ የላይ ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከመብራቱ መሃል ቁመት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለኩና ያዙ። ፊቷ ቀና ሲል መብራቱም ቀና ይላል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር የሚረግማችሁ በዚህ ነው።

የምትፈቷቸውን ብሎኖች ሁሉ በዋዜማው ደብሊው ዲ 40 ርጩባቸው። በታችኛው ብራቾ ላይ ያሉት አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ) የሚስተካከልባቸው ብሎኖች ምልክት አላቸው። ፎቶ አንሱ። ለዚህ ሥራ እነሱን መፍታት አያስፈልግም። እኔ ግን አንድ ጊዜ እጄን አላስችል ብሎኝ ፈትቼያቸዋለሁ።

መኪናዋን ማንሳት

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ይህች መኪና ወደ 2 ቶን ትጠጋለች፣ እናንተም ስሯ ልትገቡ ነው።

ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ዘይቱ በማንኛውም ሰዓት ሊያመልጥ ይችላል። ብሎኬትማ ጭራሽ አይታሰብ። በየጋራዡ ደጃፍ መኪና በብሎኬት ቆማ እናያለን፤ ለምደነዋል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ሲሰበር ቀስ ብሎ አይሰነጠቅም፣ በአንድ ጊዜ ዱቄት ይሆናል። ሁለት ትክክለኛ የብረት ስታንድ ይኑራችሁ፣ የሚሸከሙት ክብደት የተጻፈባቸው። ከሌላችሁ ተዋሱ።

መሬቱ ሲሚንቶ ይሁን። መኪናዋ መሬት ላይ እያለች የጎማ ዳዶዎቹን በትንሹ ላሉ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትና ከኋላ በሽብልቅ ደግፉ። ክሪኩን ከፊት መሃል አስገብታችሁ አንሱ። ስታንዶቹን ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ባለው ሻንሲ ስር አቁሙ። መኪናዋን ቀስ ብላችሁ አስቀምጡባቸው። ከዚያ ጎናችሁን አስጠግታችሁ በደንብ ነቅንቋት። የምትወድቅ ከሆነ አሁን ትውደቅ። የወጡትን ጎማዎች ሻንሲው ስር አጋድሟቸው፤ ምንም ቢፈጠር መተንፈሻ ቦታ ይተዋሉ።

በኋላ ወደ ኋላዋ ስትዞሩ አንድ ነገር አትርሱ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። እነሱ አየር ላይ ሲሆኑ መኪናዋን የሚይዛት ከፊት ጎማ ስር ያስገባችሁት ሽብልቅ ብቻ ይሆናል።

ፊት

የስታብላይዘር ባሩን (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘውን ዘንግ) ማያያዣ በሁለቱም በኩል ፍቱ። በአንድ በኩል ብቻ ከፈታችሁ የሌላው ጎን ይጎትትባችኋል፣ ስትታገሉ ትውላላችሁ። የፍሬን ጎማ ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከያዣዎቻቸው አላቁ።

አሁን የታችኛውን ብራቾ በክሪክ ደግፉ። ይህ ግዴታ ነው። ሳይደገፍ ከለቀቃችሁት ወደ ታች ተስቦ ሲቪ ጆይንቱን ሊያወጣባችሁ ይችላል። የላይኛውን ቦል ጆይንት መቆለፊያ ሽቦ አውጡ። ዳዶውን ላሉት እንጂ ሙሉ በሙሉ አታውጡት። ሁለት ሦስት ጥርስ ይያዝ። ከዚያ ቦል ጆይንቱ የገባበትን የብረት ጆሮ ከጎን በመዶሻ ምቱ። ብረቱ ሲደነግጥ ይለቃል። በሹካ መሰል መፈልቀቂያ ከሠራችሁ የቦል ጆይንቱን የጎማ ልባስ ትቀዱታላችሁ። ሲለቅ የጎማው መያዣ በሙሉ ወደ ውጭ ይጋደማል። በሽቦ እሰሩት። በፍሬን ቱቦው ላይ እንዳይንጠለጠል።

ኮፈኑን ክፈቱ። የሾኩ ራስ ላይ በዙሪያ ሦስት ዳዶ አለ፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ። ሦስቱን ፍቱ። የመሃሉን አትንኩት። ደግሜ ልበል፣ የመሃሉን አትንኩት። ሞላው በመቶዎች ኪሎ ኃይል ታፍኖ የተቀመጠው በእሱ ነው። ከስር ያለውን ትልቅ ብሎን አውጡና ሾኩን ከነሞላው አውርዱት።

ሞላውን ከሾኩ መለየት ከዚህ ሥራ ሁሉ አደገኛው ነው። እኔ ራሴ አልሠራውም። ሁለቱንም አቅፌ በግድግዳ የተተከለ መጭመቂያ ያለው ጋራዥ እወስዳቸዋለሁ፣ አዲሱን ሞላ ከአዲሱ ሾክ ጋር ገጥመው ይሰጡኛል። በሁለት ብሎን የሚጠብቀው የእጅ መጭመቂያ ቢሸሽ ሞላው ጥርስም ይሰብራል፣ ከዚያም የባሰ ያደርጋል። ለዚህች ክፍያ አትሰስቱ። ስፔሰር ብቻ ከሆነ የምትጨምሩት፣ እሱ ከላይ ስለሚታሰር ሞላውን መፍታት አያስፈልግም።

ስትመልሱ ሁሉንም ብሎን መጀመሪያ በእጅ አስጀምሩ። ከላይ ሦስቱን፣ ከስር አንዱን፣ ከዚያ ቦል ጆይንቱን። አዲሱ ሞላ ስለሚረዝም ቦል ጆይንቱ አልገናኝ ይላችኋል። የላይኛውን ብራቾ በረጅም ብረት ወደ ታች የሚጫን ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ብቻዬን ስሠራ ግማሽ ቀን የወሰደብኝ ከጓደኛዬ ጋር 20 ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ጎማውን ሳትገጥሙ፣ ብራቾው ወደ ታች እንደተንጠለጠለ፣ የጎማውን መያዣ በእጃችሁ አሽከርክሩት። ሲቪ ጆይንቱ ሳይነክስ መዞር አለበት። ጎማ ልባሱ እጥፋቶቹ ተፋጭተው ከሆነ ወይም ኳኳ የሚል ድምፅ ካለ፣ ከፍታው በዝቷል።

አሁን ወደ አንድ የተለመደ ስህተት እንምጣ። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ የመጀመሪያ መኪናዬን ሲሠራ የሾኩን የታች ብሎን መኪናዋ አየር ላይ እንዳለች አጥብቆ ሸኘኝ። በጥቂት ወራት ውስጥ ጎሚኒው ተቀደደ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎሚኒው ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው፣ አይሽከረከርም፣ ይጠማዘዛል እንጂ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቃችሁት፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሁልጊዜም ተጠምዝዞ ይኖራል። ስለዚህ ጎሚኒ ያለበትን ብሎን ሁሉ ለጊዜው ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት። ጎማ ግጠሙ፣ አውርዷት፣ ሁለት ሦስት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ንዷት። ክብደቷ እግሯ ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ አጥብቁ። በቶርክ መፍቻ፣ በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ልክ። «በደንብ ጠብቋል» የሚለው የመካኒክ ክንድ መለኪያ አይደለም።

ኋላ

ኋላው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እዚህ ነው።

ሻንሲውን በስታንድ አቁሙ፣ የኋላውን አክስል በክሪክ ደግፉ። ሾኮቹን ፍቱ። ዩ ቦልቶቹን ፍቱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ፣ አለበለዚያ አክስሉ ይሸሻችኋል። ክሪኩን ዝቅ እያደረጋችሁ የፍሬን ቱቦውን፣ የእጅ ፍሬን ገመዱን፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ላይ የሚሄደውን ትንፋሽ ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦውን ተመልከቱ። አንዱ ከተወጠረ ቁሙ።

የባሌስትራው የመሃል ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መቀመጥ አለበት። ግማሽ ገብቶ ካጠበቃችሁ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ መኪናዋም እንደ ሸርጣን በጎኗ ትሄዳለች። ብሎክ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ይሁን፣ ጠንካራ ብረት ይሁን። ብሎክ በብሎክ ላይ መደርደር የለም። ፊት ባሌስትራ ያላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ፊት ብሎክ ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሬን ሲያዝ ሊንሸራተት ይችላል። ዩ ቦልቱን በመስቀል ተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። የባሌስትራውን ዓይኖች የያዙት ብሎኖች ላይም የጎሚኒው ሕግ ይሠራል፤ መኪናዋ መሬት ላይ ስትሆን።

አሁን የተዘነጋው ዕቃ። ብዙ ቪጎዎች ላይ፣ ከኋላው አክስል በላይ ሻንሲው ላይ የተገጠመ ቫልቭ አለ። ከእሱ አንድ ዘንግ ወርዶ አክስሉ ላይ ይያያዛል። ሥራው ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት መመጠን ነው። ጭነት ሲበዛ ኋላዋ ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ይገፋል፣ ቫልቩም «ጭነት አለ» ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆን የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ይቀንሳል። እንግዲህ እናንተ ኋላዋን 5 ሳንቲ ሜትር ስታነሱ፣ ይህ ቫልቭ ምን ያስባል? ባዶ ናት ብሎ ያስባል። ብትጭኑባትም ከልቡ አያምናችሁም።

ይህን የተማርኩት አባይ በረሃ ላይ ነው። መኪናዋን ከፍ ካደረግሁ በሁለተኛው ሳምንት 6 ኩንታል ጭኜ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ቁልቁል ስወርድ፣ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አፍንጫዋ መሬት ይስማል፣ ኋላዋ እንደሌለ ሆነ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ የፊት ፍሬን ሽታ ጋቢና ውስጥ ገባ። ዳር ይዤ አንድ ሰዓት ያህል አቀዘቀዝኩ። የቀረውን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት።

መፍትሔው ትንሽ ነው። ዘንጉ አክስሉን የሚይዝበትን ቦታ አክስሉ በራቀበት ልክ ወደ ላይ የሚያነሳ ቁራጭ ማያያዣ መግጠም፣ ወይም ቫልቩን በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ። ዕቃው ከአንዳንድ ከፍ ማድረጊያ ዕቃዎች ጋር አብሮ ይመጣል፣ ብዙውን ጊዜ ከላስቲኩ ሳይወጣ ይቀራል። ሥራው የፍሬን ስለሆነ፣ በደንብ የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ። ስሯ ገብታችሁ ዘንግ ካላያችሁ ደግሞ መኪናችሁ የላትም፤ እለፉት።

ባለሁለት ጋቢናዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው የትራንስሚሽን ዘንግ ሁለት ቁራጭ ነው፣ መሃሉን ኩሽኔታ ይይዘዋል። ኋላዋ ሲነሳ ማዕዘኑ ይለወጥና ስትነሱ ትንቀጠቀጣለች። የመሃል ኩሽኔታውን በቀጭን ስፔሰር ዝቅ ማድረግ ያስታግሰዋል።

ከዚያ በኋላ

መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ዙሩ። ፍሬን ሞክሩ፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጠንከር አድርጋችሁ። መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻ አዙሩና ጎማው ምንም እንደማይነካ፣ የፍሬን ቱቦውም እንደማይወጠር እዩ።

በዚያው ቀን አላይመንት ውሰዷት። ብዙ ቦታ የጎማውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መዞር ብቻ አስተካክለው «አለቀ» ይላሉ። እናንተ ካስተሩን፣ ማለትም ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለውን ዝንባሌ፣ ጠይቁ። መኪና ከፍ ስትል ካስተር ይቀንሳል። ያኔ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ ረጅም መንገድ ላይም መኪናዋ ትቅበዘበዛለች። ማሽኑ ቁጥሮቹን ያትማል፤ ወረቀቱን ተቀበሉ። ካስተሩ ከመጽሐፉ ክልል ውጭ ከሆነና ብሎኖቹ ጫፍ ከደረሱ፣ የላይኛው ብራቾ ይቀየር ወይም ከፍታው ይቀነስ።

መብራቱን ወደዚያው ግድግዳ መልሱ። መብራቱ ራሱ ከፍ ስላለ የድሮውን መስመር አትከተሉ። ከአዲሱ የመብራት መሃል ቀድሞ የለካችሁትን ያህል ዝቅ አድርጉት።

ትልቅ ጎማ ላስገባ ለምትሉ፣ ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 መሄድ ዲያሜትሩን ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወስደዋል። ዲፈረንሻላችሁ የሚያተርፈው የዚያን ግማሽ ነው፣ 13 ሚሊ ሜትር። በምትኩ የፍጥነት ቆጣሪው ከ3 በመቶ በላይ ዝቅ አድርጎ ያነባል። 100 ሲል እናንተ 103 ላይ ናችሁ።

ለኢንሹራንሳችሁ ለውጡን በጽሑፍ አሳውቁ። ቦሎ የሚመረምሩትንም ከሥራው በፊት ጠይቁ፤ ከተሠራ በኋላ መከራከር አድካሚ ነው። የድሮውን ሞላና ባሌስትራ አትሽጡ። አንድ ጥግ ይቀመጥ።

አነዳዱም ይቀየራል። ክብደቷ ከፍ ብሏል። ድሮ በ60 የምትገቡበትን ኩርባ አሁን በ60 አትግቡበት፤ በተለይ ፖርታፓኬጅ ላይ ዕቃ ከጫናችሁ።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁሉንም ብሎን፣ በተለይ ዩ ቦልቶቹንና የጎማ ዳዶዎቹን፣ ድጋሚ በቶርክ መፍቻ ፈትሹ። ከ500 በኋላም እንዲሁ። እኔ ካጠበቅሁ በኋላ ከዳዶው እስከ ብሎኑ አንዲት መስመር በጥፍር ቀለም አሰምራለሁ። ቀይ ይሻላል፣ በጭቃ ውስጥም ይታያል። ባለቤቴ ቀለሙ የት እንደሚሄድ አሁን ገብቷታል። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት ጎንበስ ብዬ አያለሁ። መስመሯ ቀጥ ካለች እሄዳለሁ፤ ከተሰበረች ዳዶው ዞሯል፣ መፍቻዬን አወጣለሁ።